ከቀለም ስር ያለፈኝ ስንጥቅ

«ደህና ነኝ። ገሰራ አጠገብ መስክ ላይ ነው ያረፍኩት። ጭራዋ ተሰብሯል።»

የደወሉልኝ አብራሪያችን ካፒቴኑ ነበሩ፤ ከዚህ በላይ አልሰማሁም፣ መስመሩ ተቋረጠ። ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተጣብቤ ተቀምጬ ነበር። ደጋግሜ ብደውልም የሚያነሳ የለም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው «ሰው ታመመብሽ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም፣ መኪና ተበላሽቶ ነው» አልኳቸው። አውሮፕላን ነው ብል ጥያቄው እስከ ሮቤ አያልቅም።

ሥራዬ አውሮፕላን መጠገን ነው። ቢሾፍቱ ተምሬ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ወደ ተወለድኩበት ጎባ የተመለስኩት፣ አንድ የእርሻ አገልግሎት ድርጅት ሮቤ ላይ ለሚያቆማት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን መካኒክ ሲፈልግ ነው። ከእናቴ በዕድሜ ትበልጣለች። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ። አካሏ በብረት ቱቦ ላይ የተወጠረ ሸራ ነው። በባሌ የስንዴ ማሳዎች ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ የት እንደጀመረ ታያለች፤ ያየችውን ይዘን ገበሬው ጋ በጊዜ እንዲደርሱ ለባለሙያዎቹ እናሳውቃለን።

የዛሬ አውሮፕላኖች አፍንጫቸው ስር ጎማ አላቸው። የእኛዋ የድሮ ስለሆነች ሦስተኛው ጎማ ያለው ጭራዋ ስር ነው። በአንድ እጅ የሚነሳ ትንሽ ጎማ ነው፣ በባሌስትራ ጫፍ ላይ የተሰቀለ። ባሌስትራው የጭነት መኪና ባሌስትራን ይመስላል፣ ተደራራቢ የብረት ምላሶች ናቸው፣ ግን ቀጭን። መሬት ላይ ስትሆን አውሮፕላኗን የሚመራት ያ ጎማ ነው። ስታርፍ እሱ ካበደ ጭራዋ ፊቷን ቀድማ ልሂድ ትላለች፤ በራሷ ላይ ትዞርና ክንፏን መሬት ላይ ትሰብራለች። ስለዚህ ካፒቴኑ «ጭራዋ ተሰብሯል» ሲሉኝ በሐሳቤ የመጣው ጎማው ብቻ አልነበረም።

ሮቤ እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤታችን ሄድኩ። ምኑ እንደተሰበረ ስለማላውቅ የምይዘውን መምረጥ አልቻልኩም። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ከመሪው ጋር የሚያያዘው ሰንሰለትና ሞላው፣ ብሎንና ዳዶ በጣሳ፣ ግራሶ፣ ሁሉንም ጫንኩ። መጨረሻ ላይ ከመደርደሪያው ስር አንድ አሮጌ የባሌስትራ ምላስ ጎትቼ አወጣሁ። ቅስቱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሁለት ዓመት በፊት የቀየርኩት ዋናው ምላስ ነው። ስብራት የለበትም፤ ግን ደክሟል።

ኃላፊያችን ፒክአፕ ከነሹፌሩ ሰጠኝና «ዛሬውኑ ከዚያ መስክ መውጣት አለባት» አለኝ።

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ክንፏን ፈትተሽ በጭነት መኪና ነዋ። ዝናብ ከመታው ደግሞ ያ አፈር ጭነት መኪና አያስገባም። ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። የገሰራ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲርስ ጫማ ያወልቃል። ጥቅምት ቢገባም ዝናቡ ገና አልለቀቀንም ነበር። በየቀኑ ከሰባት ሰዓት በኋላ በሳነቴ በኩል ደመና ይነሳና ወደ እኛ ይወርዳል። ያን ቀን ጠጠር መንገዱ ላይ እየዘለልን ስንሄድ ሹፌሩ ስለ መኪናው ጎማ ያወራል፣ እኔ አንገቴን አዙሬ በኋላ መስኮት ደቡቡን አያለሁ።

አውሮፕላኗን ከመንገዱ ላይ ሆኜ አየኋት። ስትቆም አፍንጫዋ ሁልጊዜ ቀና ያለ ነው። አሁን ግን ቀና ማለቱ በዝቷል፤ ጭራዋ ሣሩ ውስጥ ተኝቷል። የአካባቢው ሰው ከቧታል። ክላሽ ያነገተ የቀበሌ ሚሊሻ ሰዉን በእጁ እየገፋ «አትንኩ!» ይላል። ካፒቴኑ በክንፉ ጥላ ስር ቆመዋል። ከስድሳ ዓመት አልፈዋል፤ ከእኔ ጋር ስድስተኛ ዓመታቸው ነው። ልብሳቸው አልተቆሸሸም፣ ግንባራቸውም አልተጫረም። ይህን ካየሁ በኋላ ነው የዕቃ ሳጥኔን ከመኪናው ያወረድኩት።

«ሮቤ ጭጋግ ዘጋብኝ» አሉኝ። «የወቤ ወንዝ ገደል ላይ እየዞርኩ ነዳጅ ከምጨርስ እዚህ ወርጄ እስኪገለጥ ልጠብቅ አልኩ። መሬቱ ደህና ነው። ጭራዋን ሳስቀምጥ ጎማው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቋ አለ፣ አለቀ።»

«ዞረችብዎት?»

«ሩቡን ያህል። ያዝኳት።»

የመስኩ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ረጅም ቀጭን ሰው። እጅ ነሳኋቸውና በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀልን አወራን። ጭራዋን ማንሳት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ስድስት ጎልማሶች ጠሩልኝ። የሚያዘውን ቦታ አንድ በአንድ እየነካሁ አሳየሁ። «እዚህ ቱቦ አለ፣ እዚህ ያዙ። እዚህ ሸራ ብቻ ነው፣ ከነካችሁት ይቀደዳል።» ሽማግሌው «ቢስሚላህ» አሉና «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ!» ብለው ቆጠሩ። ጭራዋ ተነሳች። ከስሯ በርሜል አስገባን፣ በበርሜሉ ላይ ጭድ የሞላ ጆንያ አስቀመጥን።

ከሥሯ ተንበርክኬ ገባሁ። ጎማው ከነሹካው በሁለቱ የመሪ ሰንሰለቶች ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። አንደኛው ሞላ ተዘርግቶ ሽቦ ሆኗል። ዋናው የባሌስትራ ምላስ ለሁለት ተሰብሯል፤ የተሰበረው መቆንጠጫው ከአካሏ ጋር አጥብቆ በሚይዝበት፣ ካልፈቱት በማይታይበት ቦታ ላይ ነው። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ መቆንጠጫውን አወረድኩ፣ ጉማጁን አውጥቼ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞርኩት።

ብረት በአንድ ጊዜ ሲሰበር ስብራቱ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ ቆይቶ ከሆነ ግን አሮጌው ስንጥቅ ይጠቁራል፣ ይዝጋል። እጄ ላይ የነበረው ሲሶው ያብለጨልጫል፤ የቀረው ቡናማ ነው። ያንንም ቢሆን ችዬ ባለፍኩት ነበር፤ ስንጥቅ ከምርመራ በኋላ ሊጀምር ይችላል። ግን ከቡናማው ጠርዝ ላይ፣ ስንጥቁ ውስጥ ዘልቆ የገባ ግራጫ ቀለም ነበረ።

ያን ግራጫ ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ።

ከአራት ወር በፊት፣ በዓመታዊው ምርመራ፣ መቆንጠጫውን ፈትቼ ነበር። አስታወስኩት። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ መብራት ጠፍቷል፣ የያዝኩት የእጅ ባትሪ ደክሟል። በምላሱ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አይቻለሁ። አሮጌ ቀለም የተሰነጠቀ መሰለኝ። እስከ ብረቱ ድረስ ፍቄ ማየት ነበረብኝ። በጨርቅ ጠረግኩት፣ በላዩ ቀባሁት፣ ገጠምኩት፣ «ደህና ነው» ብዬ ፈረምኩ።

እዚያ ጭራዋ ስር ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ከውጭ የሰዉ እግር ይታየኛል፤ ሹፌሩ «ምን አገኘሽ?» ይላል። ያሰብኩትን ሁሉ መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ያሰብኩት ይህ ነው፦ ይህን ስብራት ማንበብ የሚችል ሰው ከዚህ እስከ አዲስ አበባ የለም። በሞረድ ሁለት ጊዜ ባሻሸው ቀለሙ ይጠፋል። ሞረዱ አጠገቤ፣ ጨርቅ ላይ ነበር። እጄ አልሄደም ማለት እችላለሁ፤ ዓይኔ ግን ሄዷል።

ወጣሁና ካፒቴኑን ከሰዉ ለየት አድርጌ በሌላኛው ክንፍ በኩል ወሰድኳቸው። ጉማጁን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይቺን ግራጫ ያዩዋታል?»

መነጽራቸውን አወጡ። «አየኋት።»

«ቀለም ነው። እኔ የቀባሁት። ስንጥቁ ያኔም ነበረ ማለት ነው። ቀብቼበት አለፍኩ።»

ቁጣ ጠበቅኩ። ካፒቴኑ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እኔም ዝቅ ያለውን ድምፅ ለመስማት ተዘጋጅቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን ጉማጁን እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ አዩና «ሁለት ሳምንት ሆኖታል» አሉ።

«ምኑ?»

«መንቀጥቀጥ ከጀመረ። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ነበረ። ባለፈው ሳምንት ሦስቴ። ትናንት ጥርሴን አንቀጫቀጨኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታቆሚያት ነበር።»

«አዎ፣ አቆማት ነበር!»

«ዋጉ ደግሞ አይቆምም» አሉ። «የሲናናን ማሳዎች ጨርሼ ልንገራት እያልኩ ነበር።»

ደሜ ፈላ። የእኔ ጥፋት እጃቸው ላይ እያለ መቆጣት አልነበረብኝም፤ ተቆጣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» በምለው ሰው ላይ ጮህኩ። ጎማ ሲንቀጠቀጥ ስንጥቅ ያለበት ባሌስትራ በየማረፉ እንደሚመታ፣ ያን ቀን ጭራዋ ሙሉውን ዞራ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቆመን እንደማንነጋገር ነገርኳቸው። ሚሊሻው ወደኛ ዞሮ አየ። ካፒቴኑ አላቋረጡኝም። ስጨርስ «እሺ» አሉ። «አንቺም ቀብተሽበታል፣ እኔም ዝም ብያለሁ። ማታ ሁለታችንም እንጽፈዋለን። አሁን ያንን ደመና እዪው።»

አየሁት። የጠዋቱ ጭጋግ ከተገለጠ ቆይቷል፤ አሁን ግን በደቡብ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ምርጫችን ሁለት ነበር። ክንፏን መፍታት ብጀምር እስከ ነገ አልጨርስም፤ ዝናቡ ይቀድመኛል፤ ምናልባት ሳምንታት እዚያው ሜዳ ላይ ልትቀር ትችላለች። ሁለተኛው ያመጣሁት ጠፍጣፋ ምላስ ነው፣ ለአንድ በረራ፣ እስከ ሮቤ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ከቀኙም ከግራውም በማጉሊያ መነጽር አየሁት። በዚህ ጊዜ እስከ ብረቱ ፋቅኩት። የብሎኑን ቀዳዳ ዙሪያ በነዳጅ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የኖራ ዱቄት ነሰነስኩበት፤ ስንጥቅ ቢኖር ውስጡ የቀረው ነዳጅ ኖራውን ያረጥበዋል። አልረጠበም። ደግሜ ሠራሁት። አሁንም ደረቅ ነው።

ኃላፊያችን ጋ ደወልኩ፤ ኮረብታው ላይ ወጥቼ መስመር እስካገኝ ድረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ምን እንደሆነ፣ ምን ልሠራ እንዳሰብኩ፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ሁሉንም ነገርኩት። «ካፒቴኑ ይስማማሉ?» አለኝ። «ይስማማሉ።» «አንቺስ?» «ለአንድ በረራ፣ አዎ» አልኩት። ፈቃዱን ከሚሰጡት ጋር ተነጋግሮ መልሶ ደወለና አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካፒቴኑ ብቻቸውን ሆነው፣ ብሎ ቆረጠ።

ምላሱን ገጠምኩ። የተዘረጋውን ሞላ ቀየርኩ፣ ሰንሰለቶቹን እኩል አደረግኩ፣ በርሜሉን አውጥተን ጭራዋን ቀስ ብለን አወረድን። ክር ላይ ዳዶ አስሬ እንደ ቱምቢ ጎማውን የያዘው ሹካ ላይ አወረድኩት። የፈራሁት ሆነ። ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ራሱን ወደ ፊት ደፍቷል። እንዲያ ሲደፋ ነው ጎማው የሚያብደው። ምላሱ ቅስት ስለሌለው ከዚህ በላይ አይሰጠኝም።

ሽማግሌው ከአጠገቤ ቁጢጥ ብለው ያዩ ነበር። «ኢንተለ ቲያ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ምንድን ነው ያጠፋው?»

በእጄ አሳየኋቸው። «ይሄ እንዲህ ቀና ማለት አለበት፣ እሱ ግን ይደፋል። ከዚህ ከላይ፣ ከኋላ በኩል ትንሽ ነገር ቢገባ ጫፉ ወደታች ይወርድና ይቃናል። ብረት ደግሞ የለኝም።»

«ስንት ያህል?»

ትንሿን ጣቴን አሳየሁ። «በዚህ በኩል ይሄን ያህል፣ በወዲያ በኩል ምንም።»

«ሽብልቅ በይኛ!» አሉና ሳቁ። «የእኛስ ማረሻ ሰማይ ሰማይ ሲያይ በምን የምንመልሰው ይመስልሻል?»

ቤታቸው ሄደው የደረቀ የወይራ እንጨትና መጥረቢያ ይዘው መጡ። ተቀምጠው፣ እንጨቱን በእግራቸው ይዘው፣ በሦስት አራት ምት ቅርጹን አወጡት፤ ቀሪውን በቢላ ላጉት። ገጠምኩት፣ በዛ። መለስኩላቸው፣ ላጉ። በሦስተኛው ጊዜ ወፍራም ጎኑን ወደ ኋላ አድርጌ አስገባሁት፣ መቆንጠጫውን አጠበቅኩ፣ ቱምቢውን ጣልኩ። ምሰሶው ቀና ብሎ ለጥቂት ወደ ኋላ ዘንበል አለ። የምፈልገው ያንን ነበር። ዳዶዎቹን ሁሉ እንዳይፈቱ በሽቦ አሰርኩ፣ እያንዳንዱን በጣቴ እየነካሁ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፣ ካፒቴኑም ደግመው ቆጠሩልኝ።

እንጨት ነው። ይህን ያህል ዓመት ተምሬ የጭራ ባሌስትራ ስር እንጨት አስገባሁ። ሥራው ግን መጨመቅ ብቻ ነው፤ ደረቅ ወይራ ደግሞ ለመጨመቅ እጅ አይሰጥም። ለሃያ አምስት ደቂቃ፣ አልኩ ለራሴ።

ካፒቴኑ ወንበራቸው ላይ ወጡና የኋላውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ነይ ግቢ። መኪና ላይ ሁለት ሰዓት ከምትንገላቺ።»

«አልገባም» አልኳቸው። «ብቻዎን ነው የተባለው።»

ሰዉ ይህን ሰማ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ፤ ሳቃቸው ጠፍቶ ነበር። «ልጄ፣ ደህና አድርገሽ ከሠራሽው ለምን አትገቢም?»

የሚከፋኝ ጥያቄው ትክክል መሆኑ ነው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። የኋላው ወንበር ክብደቱ የሚያርፈው ጭራው ላይ እንደሆነ፣ እኔ ከገባሁ ያ የደከመ ምላስ ሲያርፉ የሚሸከመው በእኔ ልክ እንደሚጨምር፣ አልገባም ያልኩትም ለካፒቴኑ ብዬ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። በአማርኛ ጀመርኩ፣ በኦሮምኛ ቀጠልኩ፣ ተንተባተብኩ። ከኋላ አንድ ሰው «ፈርታ ነው» አለ፤ ሌሎች ሳቁ። ካፒቴኑ እንኳ ለአንድ አፍታ በተለየ ዓይን አዩኝ። ያ ዕይታ ከሁሉም በላይ ወጋኝ። መግባት ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር እግሬ ወደ መወጣጫው አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር። ገብቼ አብሬ ብበር ሁሉም ዝም ይላል፣ የሆነውም ለሁለታችን ይሆናል፣ ቢያንስ መሬት ላይ ቆሜ አላይም። ጭራው ግን የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው።

ወደ ኋላ ተመለስኩ። «ሲያርፉ ጭራዋን እስከሚችሉት ድረስ አንስተው ያቆዩ። ፍጥነቷ ካለቀ በኋላ ብቻ ያስቀምጧት። ከተንቀጠቀጠ ያቁሙ፣ ወደ መቆሚያው አይንዱ።»

«እሺ» አሉና በራቸውን ዘጉ።

ሚሊሻው ሰዉን ከመስኩ ዳር አስለቀቀ፤ ከብቶቹም ተነዱ። ነፋሱ ከጎን ነበር፣ እየጠነከረ ነው። ሞተሩ ተነሳ፣ ሣሩ ተኛ። ካፒቴኑ መንደርደር ሲጀምሩ ዓይኔ ላይ የነበረው ያ ትንሽ ጎማ ብቻ ነው። ዘለለ፣ ወረደ፣ እንደገና ዘለለ፤ ከዚያ ጭራዋ ተነስታ ከመሬት ለቀቀች። ነፋሱ ወደ ግራ ገፋት፣ አፍንጫዋ ወደ ስንዴው ማሳ ዞረ፣ አንድ ሰው ጮኸ። ካፒቴኑ መለሷት። ከመስኩ ጫፍ ላለው አጥር ጥቂት ሲቀራት ሙሉ በሙሉ ተነሳች።

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። መነሳት ምንም አይደለም፤ ጭራው የሚፈተነው ሲያርፉ ነው። ሽማግሌው መሰብሰቡን አገዙኝ፣ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳቸው። «ሲደርሱ ደውዪልኝ» አሉና የአንድ ጎረቤታቸውን ስልክ አስያዙኝ።

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። ፒክአፑ ሁለት ቦታ ጭቃ ውስጥ ተንሸራተተ። ስልኬ ላይ መስመር የለም። ሃያ አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሁን ሮቤ ላይ ናቸው፣ አሁን እየወረዱ ነው፣ አሁን አርፈዋል፣ ወይም ሌላ ነገር። ከዚያ በኋላ የማስበው አጣሁ። አስፋልቱ አጠገብ ስንደርስ መስመር መጣ። ደወልኩ፤ የካፒቴኑ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ኃላፊያችን ጋ ደወልኩ፤ ተይዟል። እንደገና ተይዟል።

አየር ማረፊያው በር ላይ ከመኪናው ወርጄ ሮጥኩ። የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነበር። ከሥሯ ሁልጊዜ የሚንጠባጠበው የዘይት ጠብታ ምልክት ብቻ ይታያል። ጥበቃው ወደ እኔ መጣ፤ ከመናገሩ በፊት ፊቱን ለማንበብ ሞከርኩ፣ ምንም አላገኘሁበትም። «ወዲያ ነች» አለና በጣቱ አሳየኝ።

ከመንደርደሪያው ሩቅ ጫፍ፣ ሣሩ ላይ፣ በሁለት እግሯና በጭራዋ ቆማለች። ሁለቱም ክንፎቿ እኩል ናቸው። ካፒቴኑ ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው አጠገቧ በዝናብ ቆመዋል። እየሮጥኩ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«መጀመሪያ እዪው» አሉ። «አልነካሁትም።»

«ምን ሆነ?»

«እንዳልሽው አደረግኩ። ጭራዋን አቆየኋት፣ አቆየኋት፣ ስትደክም አስቀመጥኳት። ዝም አለ። ልዞር ስል ግን ጎማው ትንሽ ነቀነቀኝ። አቆምኩ። ከመንደርደሪያው እንድትወጣ በእጅ ገፋናት፣ ሞተሩን መልሼ አላስነሳሁም።» ከዚያ እንደ ልጅ ሲያፍሩ አየኋቸው። «ስልኬ ወንበሩ ላይ ነው። ላወጣው ብዬ አልነካኋትም፤ እንዳለች እንድታያት ብዬ ነው።»

አንድ ሰዓት ከምናምን በዝናብ ቆመው ጠብቀውኛል። ተንበርክኬ አየሁ። ሽብልቁ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ መቆንጠጫው ግን ሁለቱንም ግማሾች ይዟቸዋል። ምላሱ አልተሰነጠቀም። ሽቦዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ያኔ እዚያው እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ፤ ካፒቴኑ ጃኬታቸውን በላዬ ጣሉና ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ። ገሰራ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌው ለአላህ ምስጋና አቀረቡና «እንግዲያስ አልፈራሽም ነበር» አሉኝ። ፈርቼ እንደነበር ነገርኳቸው።

ሪፖርቱን በዚያው ቀን ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጻፍን። እኔ ስለ ቀለሙ፣ እሳቸው ስለ ሁለቱ ሳምንታት። የእኔ ሦስት ገጽ ሆነ፤ የእሳቸው ስድስት መስመር፣ ግን ምንም አልተደበቀበትም። ለሁለት ወር የመፈረም ፈቃዴ ታገደ፤ አዲስ አበባ ሄጄ እንደገና ተፈተንኩ። እሳቸውም በማስጠንቀቂያ ታለፉ። አዲሱ ባሌስትራ እስኪመጣ አውሮፕላኗ በክረምት እንደምትቆመው ሸራ ለብሳ ቆመች፤ ዋጉን ባለሙያዎቹ በእግርና በሞተር ብስክሌት እየዞሩ ፈለጉት። የገሰራ ጥቂት ማሳዎች ዘግይተንባቸው በዋጉ ተበሉ። ይህን ለመናገር አሁንም ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ ካፒቴኑ ሁሉንም ነገር ይነግሩኝ ጀመር። የወንበሩን መንጫጫት፣ የበሩን መያዣ መላላት፣ የሆነ ጊዜ ደግሞ አንድ ዝንብ መስታወቱ ውስጥ ገብታ አልወጣ እንዳለች። ሁሉንም እጽፍ ነበር፤ ዝንቧንም። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። በምትካቸው የመጣው አብራሪ ወጣት ነው፣ ጥሩ ይበራል፣ ጥያቄ ግን አይወድም። እሱ ባረፈ ቁጥር ሞተሩ ሳይቆም ሄጄ መስኮቱ ስር እቆምና ጎማው እንዴት እንደነበረ እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ላይ «ደህና» ብሎኝ ያልፍ ነበር። አሁን አሁን ቆም ብሎ ያስባል፣ ከዚያ ይመልስልኛል።